ይድረስ ለአዘጋጁ፦ «የውሸት ድብድብ» ስላላችሁት ሙያ

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በስፖርት ገጻችሁ ስለ ሬስሊንግ የወጣችውን አጭር ጽሑፍ አነበብኳት። ጸሐፊው ነገሩን «የውሸት ድብድብ» ብለው በሁለት አንቀጽ ዘግተውታል። ይህን ሙያ ከሃያ ዓመት በላይ ስከታተል ኖሬያለሁና ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ይበልጥ ያሳዘነኝ ደግሞ ጽሑፉ በቴሌቪዥን የምናያቸውን ባለዝናዎች ብቻ አስቦ፣ ከትልልቆቹ ድርጅቶች ጋር ውል ሳይኖራቸው በየሳምንቱ መጨረሻ በትንንሽ አዳራሾች የሚፋለሙትን፣ «ኢንዲ» የሚባሉትን ሬስለሮች ጭራሽ ሳያነሣቸው መቅረቱ ነው።

አሸናፊው አስቀድሞ እንደሚወሰን እውነት ነው፤ ዛሬ ይህን የሚደብቅ የለም። ሆኖም «ውሸት ነው» የሚለው አባባል ማንን እንደጠቀመ ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1989 በቪንስ ማክማሃን ይመራ የነበረው ትልቁ ድርጅት ተወካዮች ለአሜሪካዋ የኒው ጀርሲ ግዛት ሴኔት ሬስሊንግ ሰውን ለማዝናናት የሚቀርብ ትርኢት እንጂ እውነተኛ የስፖርት ውድድር እንዳልሆነ አስረዱ። ለዘመናት ተጠብቆ የኖረውን ምስጢር ያወጡት ከግዛቱ የስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥርና ከሚጣልባቸው ግብር ለመውጣት ነበር። ስፖርት አይደለም ከተባለ ሬስለሩ ፈቃድ ማውጣት አያስፈልገውም፤ ከግጥሚያ በፊትም ሐኪም እንዲያየው የሚያስገድድ ሕግ አይኖርም። ድርጅቱ ገንዘቡን አተረፈ። ሐኪሙ የቀረበት ግን ሬስለሩ ነው። እንግዲህ «ውሸት ነው» ብለን ስንስቅ ሳናውቀው የዚያን ቀን ክርክር እየደገምንላቸው ነው።

እኔም ልጅ ሳለሁ የሪንጉ ወለል ስፖንጅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የብረት አግዳሚ ነው፤ በላዩ የእንጨት ሳንቃ፣ በሳንቃው ላይ ስስ ፍራሽ፣ ከዚያ የተወጠረ ሸራ። በቃ። ጀማሪው ለወራት የሚማረው መውደቅን ነው፦ አገጭን ደረት ላይ መለጠፍ፣ ትንፋሽ ማስወጣት፣ በጀርባ የላይኛው ክፍል ዘርጋ ብሎ ማረፍ፣ ሸራውን በሁለት ክንድ መምታት። ይህን «ባምፕ» ይሉታል። በደንብ የወደቀ ሰው ምቱን በሰፊው የሰውነቱ ክፍል ይበትነዋል፤ ምቱ ግን አይጠፋም። በአንድ ምሽት ብዙ ጊዜ፣ በዓመት ብዙ ምሽት፣ ለአሥርና ለአሥራ አምስት ዓመት ሲሆን አንገትም፣ ወገብም፣ ጉልበትም ሒሳቡን ይይዛሉ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ልቤን የሚነካኝ አደራው ነው። ተገልብጦ ወደ ላይ የሚነሣው ሰው አንገቱን ለባላጋራው አደራ ሰጥቷል። ያነሣው ሰው እግሩ ሸርተት ቢል፣ ወይም አንድ ግማሽ ሴኮንድ ቢቸኩል፣ የሚሰበረው የራሱ አጥንት አይደለም። ስለዚህ በመካከላቸው ከሁሉ አብልጦ የሚከበረው ባላጋራውን በደህና ወደ ቤቱ የሚመልስ ነው። ሕዝቡ ፊት ጠላት መስለው የሚታዩ ሁለት ሰዎች እንዲህ ያለ መተማመን ሲኖራቸው፣ ይህን «ውሸት» በሚል አንድ ቃል መሸፈን እንዴት ይቻላል?

ኑሯቸው ደግሞ መንገድ ላይ ነው። ሦስት አራት ሆነው በአንድ መኪና ይጫናሉ፤ የነዳጁን ይካፈላሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲነዱ ትልልቆቹ ለትንንሾቹ ያለፈውን ግጥሚያ ስሕተት እያነሡ ያርሟቸዋል። ጀማሪው ቀድሞ ደርሶ ሪንጉን ይተክላል፤ መልበሻ ክፍል ሲገባ እያንዳንዱን ሰው በእጁ ሳይጨብጥ አይቀመጥም። ብዙዎቹ የሚከፈላቸው ከነዳጅ ወጪያቸው ብዙም አያልፍም። እውነተኛው ገቢ በዕረፍት ሰዓት ከአዳራሹ በር አጠገብ ካለች ጠረጴዛ ይመጣል፤ ስማቸው የታተመበት ቲሸርትና የፈረሙበት ፎቶ እዚያ ይሸጣል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሌላ ሥራ ያላቸው ብዙ ናቸው። ታዋቂው ሬስለር ሚክ ፎሊ እ.ኤ.አ. በ1998 ፒትስበርግ ውስጥ ሪንጉን ከከበበው የብረት ፍርግርግ ጣሪያ አምስት ሜትር ያህል ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ ዓለም አየው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ግን በየሳምንቱ መጨረሻ ከኒው ዮርክ ግዛት ወደ ፔንሲልቬንያ እየነዳ ሥልጠና ሲሄድ የሚያድረው መኪናው ውስጥ ነበር። ያንን ያየ ሰው የለም።

አንዳንዶች ይወጣላቸዋል። ብራያን ዳንኤልሰን ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሪንግ ኦፍ ኦነር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. የካቲት 2002 ፊላዴልፊያ ውስጥ የመጀመሪያ ዝግጅቱን ሲያቀርብ በዋናው ግጥሚያ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ዓመታት በትንንሽ አዳራሾች፣ በጃፓንና በእንግሊዝ እየዞረ ኖረና እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2014 በኒው ኦርሊየንስ የትልቁ ድርጅት ታላቅ ዓመታዊ ዝግጅት የሆነውን የሬስልማንያን የመጨረሻ ግጥሚያ አሸነፈ። ያን ሌሊት እኔም ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ግን በጭንቅላቱ ላይ በተደጋጋሚ በደረሰበት ጉዳት ምክንያት ጡረታ መውጣቱን አስታወቀ፤ ሐኪሞች ዳግም የፈቀዱለት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ሬስለሩ ኮዲ ሮድስና ያንግ በክስ የሚባሉት ሁለት ወንድማማች ሬስለሮች በራሳቸው ተነሣሽነት ቺካጎ አቅራቢያ ዝግጅት አሰናዱ፤ ከአሥር ሺህ በላይ ትኬት በግማሽ ሰዓት ገደማ አለቀ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2019፣ አዲስ ትልቅ ድርጅት ተመሠረተ። ለኢንዲዎቹ ትልቅ በር ነበር የተከፈተው፤ አልክድም።

በዚያ በር የሚገቡት ግን ጥቂት ናቸው። ጉልበቱ ተበጥሶ የሳምንቱን መጨረሻ ሥራም የሰኞውንም ያጣ ሰው ማንን ይጠይቃል? ሕጉ የሚያየው እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን በራሱ እንደሚሠራ ተቋራጭ ነው፤ በትልቁ ድርጅት ያሉትም እንኳ በዚሁ ስም ነው የሚፈርሙት። እ.ኤ.አ. በ1986 ጄሲ ቬንቱራ ባልደረቦቹን ሰብስቦ ማኅበር እናቋቁም ብሎ ነበር፤ አልተሳካም። ሰውየው በኋላ የሚኒሶታ ግዛት ገዥ ሆኖ ተመረጠ። የአሜሪካ ሬስለሮች ግን እስከ ዛሬ የራሳቸው ማኅበር የላቸውም።

ስለዚህ ክቡር አዘጋጅ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ስለዚህ ሙያ ዳግመኛ ስትጽፉ፣ ማን አሸነፈ የሚለውን ትታችሁ ስለ ሥራው ጻፉ። ጸሐፊያችሁ ከእነዚህ ሬስለሮች አንዱን ቢያናግሩ፣ ቢቻል ትርኢቱ ካለቀ በኋላ ይሁን። ተመልካቹ ሲበተን ሪንጉን ሳንቃ በሳንቃ ፈትተው መኪና ላይ የሚጭኑት ብዙ ጊዜ እነዚያው የተፋለሙት ልጆች ናቸው። ባለፈው ወር ስንት ጊዜ እንደወደቁ፣ ስንት እንደተከፈላቸው፣ ሲጎዱ የሐኪሙን ማን እንደከፈለ እዚያው ቆመው ይጠይቋቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ