ለአባዬ፣ በአደራ ደብዳቤ

ለምወድህ አባዬ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ካንተና ከእማዬ ናፍቆት በቀር በጣም ደህና ነኝ፣ ክብሩ ይስፋ። ደብዳቤ እንዲህ ተብሎ እንደሚጀመር ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ስልክ ከመጣ ወዲህ ሰላምታችን «ሃሎ፣ ይሰማል?» ብቻ ሆኖ ቀረ።

በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ያልሆነልኝ ነገር አለ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ያ ጆሮህም እንደምታውቀው ነው። ደግሞ በጣም ደስ ብሎህ ስለነበር ማቋረጥ ከበደኝ። ለገና እንዲደርስልህ ብዬ በኅዳር የላክሁት ካርቶን በግንቦት እጅህ ገባ። ሹራቡ ልክህ ሆነ። ለደብረ ብርሃን ብርድ ሆን ብዬ ወፍራሙን ነው የመረጥኩት። መነጽሩም ጋዜጣ አስነበበህ። የልጆቹን ፎቶ እማዬ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ደረደረችው አሉ። እዚህ ድረስ ጥሩ። ከዚያ ግን እንዲህ አልከኝ፦ «ጮኼ ነው ያስወጣሁት! ሌቦች ናችሁ ብዬ የፖስታ ቤቷን ልጅ ሕዝብ ፊት አዋረድኳት፣ በሁለተኛው ቀን የደበቁትን አመጡ።»

አባዬ፣ ማንም አልደበቀውም። ጥፋቱ የኔ ነው።

ወንድሜን የካርቶኑን ፎቶ እንዲልክልኝ ጠይቄው ነበር። እናንተ ሹራቡን ስታዩ እኔ ላዩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ማየት ፈልጌ ነው፣ የሙያ በሽታ በለው። ፎቶውን ሳሰፋው ደነገጥኩ። የትምህርት ቤታችሁ ፖስታ ሳጥን ቁጥር መጨረሻው 1 ነው አይደል? ወረቀቱ ላይ የታተመው 7 ነው።

እንዴት እንደሆነ ገባኝ። እዚህ ፖስታ ቤት ቅጹን በእጄ ሞላሁ፣ መስኮቱ ጋ ያለው ሰው ደግሞ ከእጅ ጽሑፌ እያየ ኮምፒውተር ላይ አስገባው። እዚህ አገር 1 ማለት የቆመ እንጨት ነው፣ ራስ የለውም። አንተ ያስተማርከን 1 ግን ኮፍያ አለው፣ ያውም ረጅም ኮፍያ። ለአሜሪካዊ ዓይን ያ 7 ነው። ሰውየው ወረቀቱን አትሞ «ትክክል መሆኑን አይተሽ ፈርሚ» አለኝ። ሥራ ልገባ እየተጣደፍኩ ስለነበር ሳላይ ፈረምኩ። እኔ! በቀን ወደ 500 አድራሻ የማነበው ሰው!

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የዕቃው መከታተያ ቁጥር ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አኃዝ፣ ከዚያ የላኪው አገር ሁለት ፊደል ነው። በዚያ ቁጥር ከኒው ዮርክ ሲነሳ አየሁት፣ አዲስ አበባ ሲገባም አየሁት። ከዚያ ዝም አለ። ለካ ካርቶኑ እናንተው ከተማ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። መጥሪያው መጨረሻው 7 የሆነው ሳጥን ውስጥ ገብቷል። የሳጥኑ ባለቤት ማን እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ ከፍቶ አያይም። አንተ በየማክሰኞው እየሄድክ የትምህርት ቤቱን ሳጥን ትከፍታለህ፣ ባዶ ነው። መስኮቱ ላይ ትጠይቃለህ፣ ልጅቷ መዝገቡን በቁጥርህ ታያለች፣ «በዚህ ቁጥር የመጣ የለም» ትልሃለች። እውነቷን ነው። በዚያ ቁጥር የመጣ አልነበረም።

አሁን ደግሞ ፎቶው ላይ ያየሁት ሌላ ነገር። ያ 7 በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሰርዟል። ከላዩ 1 ተጽፏል፣ ኮፍያ ያለው፣ ያንተው ዓይነት። ጎን ላይ በትንሹ «በስም የተገኘ» ይላል።

ይህን ማን የጻፈው ይመስልሃል? ሌባ ብለህ የሰደብካት ልጅ ናት። አንተ ከሄድክ በኋላ መዝገቡን ትታ ባለቤታቸው ያልመጣላቸውን ዕቃዎች አንድ በአንድ አንስታ ስም አንብባለች ማለት ነው። ስምህ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የተጻፈው፣ ያውም እኔ በገዛ እጄ የፈጠርኩት አጻጻፍ። «ፀ»ን በእንግሊዝኛ መጻፍ ስቃይ መሆኑን ታውቃለህ። ባታገኘው ኖሮ ካርቶኑ «ባለቤቱ አልተገኘም» ተብሎ ወደ እኔ፣ ወደ ሜሪላንድ ይመለስ ነበር። ጩኸትህ አይደለም ያስወጣው። የሷ ትዕግሥት ነው።

አባዬ፣ ነገሩ የቆረቆረኝ እኔም በሷ ቦታ ስለቆምኩ ነው። ለጎረቤት «ልጄ አሜሪካ የመንግሥት ሠራተኛ ናት» እንደምትል ሰምቻለሁ። ውሸት አይደለም። ግን ፖስተኛ ነኝ፣ ብትለው አላፍርም። መሪዋ በቀኝ በኩል የሆነች ነጭ መኪና እነዳለሁ። የዚህች ዓይነት መኪና የመጨረሻዋ የተሠራችው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው፣ ማቀዝቀዣ የላትም፣ በሐምሌ ውስጧ እንደ ምጣድ ይግላል። ውሻውም አለ። እዚህ አገር በዓመት ከ5,000 በላይ ፖስተኞች በውሻ ይነከሳሉ። የትከሻ ቦርሳችን ለደብዳቤ ብቻ እንዳይመስልህ፣ ውሻ ሲመጣ በመሃላችን የምንጋርደው እሱኑ ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት አሮጊት በር ላይ ጠብቀው «የልጅ ልጄን የልደት ካርድ ሰርቀሻል» አሉኝ። ውስጡ 20 ዶላር ነበረበት አሉ። መንገደኛ ቆሞ ያያል። ምን እላለሁ? መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ፣ ከዚያ ቀጣዩን ሰፈር አደረስኩ። ካርዱ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። የወረቀት ነገር ብዙ ነው። አንዱ ፖስታ ሌላው ውስጥ ተሰክቶ ይሄዳል፣ ዝናብ አድራሻውን ያጠፋዋል፣ ሰው ቤት ቀይሮ ሳያስታውቅ ይቀራል። ማሽን ያልገባውን የእጅ ጽሑፍ ሶልት ሌክ ሲቲ በሚባል ከተማ የተቀመጡ ሰዎች ምስሉን በኮምፒውተር እያዩ በሰከንዶች ውስጥ ያነቡታል። እነሱም ያቃታቸው አለ። ባለቤትም ላኪም የጠፋለት ደግሞ አትላንታ ይከማቻል። አብዛኛው ጠፋ የሚባል ነገር እንዲህ አንዱ ጥግ ቁጭ ብሎ ሰው የሚጠብቅ ነው። እኔ የምሠራበት ሰፈር አበሻ ይበዛል። የቤት ቁጥሩ የተሳሳተ ደብዳቤ ሲመጣ ስሙን አይቼ የማን እንደሆነ የማውቅበት ቀን አለ። ስለዚህ «በስም የተገኘ» የሚለውን ሳነብ ምን እንደተሰማኝ አንተ ገምት።

የ1999ን ክረምት ታስታውሳለህ? ሚሌኒየሙ ሊገባ ሁለት ወር ቀርቶታል፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፣ የሳጥኑን ቁልፍ የያዘችው ጸሐፊ አገሯ ሄዳለች። የዲቪ ደብዳቤ የሚመጣው ደግሞ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ነበር። ያኔ እንዳሁኑ በኢንተርኔት ዕጣ ማየት የለም፣ ከአሜሪካ፣ ከኬንታኪ በፖስታ ካልመጣልህ አልደረሰህም ማለት ነው። እኛ ተስፋ ቆርጠን ነበር። ያ ሽማግሌ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ግን ሳጥኑ ሞልቶ ወፍራም ፖስታ ሲያይ ዝም አላለም። ላኪውን አነበበ፣ ስሜን አነበበ፣ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ፈልጎ «የመምህሩ ልጅ አይደለችም ወይ?» ብሎ ላከበት። ጋቢህ በዝናብ በስብሶ የመጣህበት ቀን አይረሳኝም። ቅጹ ተሞልቶ ቶሎ ካልተመለሰ ቪዛው በተራ ቁጥር የሚያልቅ ነው። ክረምቱን ሙሉ እዚያ ሳጥን ውስጥ ቢያድር ኖሮ እኔ ዛሬ እዚህ አልነበርኩም፣ ልጆቼም የሉም። ለምስጋና ብር ስትሰጠው «ሥራዬ ነው» ብሎ አልቀበልም አለህ። ዓመቱን ሙሉ ስሙን እያነሳህ ስትመርቅ ነበር።

ልጅቷም የሠራችው ያንኑ ነው። ልዩነቱ እሱን መርቀኸዋል፣ እሷን ሰድበሃታል።

ታሪክ ላንተ አላስተምርም። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፖስታ አቋቋሙ፣ ቴምብሩ ፓሪስ ታተመ፣ በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች እያልክ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍክልን አንተ ነህ። ከዚያ በፊት መልእክተኛ ደብዳቤውን የተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ላይ ሰክቶ አገር ያቋርጥ እንደነበር ስትነግረን፣ ያንን ሰው መንገድ ላይ የሚነካው የለም ብለኸን ነበር። እኔ ይህችን አልረሳሁም።

ታዲያ ምን ላድርግ ትላለህ? ብዙ አይደለም። ስጦታ ይዘህ አትሂድ፣ ትደነግጣለች። «ልጄ ናት ቁጥሩን ያበላሸችው፣ አጥፍቻለሁ» በላት፣ በቃ። ይቅርታ ማለት እንደማይሆንልህ አውቃለሁ። እኔም ካንተው ነው የወረስኩት፣ ይህን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ለዚህ ነው ደብዳቤውን በአደራ የላክሁት። በአደራ የመጣ ሳጥን ውስጥ አይገባም፣ መስኮቱ ላይ ሄደህ፣ መታወቂያ አሳይተህ፣ ፈርመህ ነው የምትወስደው። ከተማውንና አገሩን በእንግሊዝኛ፣ ቀሪውን በአማርኛ ጽፌዋለሁ። የሳጥኑንም ቁጥር በፊደል አድርጌዋለሁ፣ ዘንድሮ ኮፍያ የለም።

አውቅሃለሁ፣ ቤት እስክትደርስ አትታገስም። አዲሱን መነጽርህን አድርገህ እዚያው በረንዳው ላይ ቆመህ ነው ይህን የምታነበው። መስኮቱ ከኋላህ ነው፣ አባዬ።

ልጅህ