አፈር ማልበስ፦ የድራማ ክበባችን ዘንድሮ

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ አንድ ቴአትር ብቻ ይዞ ከረመ፤ የሶፎክለስን «አንቲጎኔ»። ከ2,400 ዓመት በላይ የሆነው የግሪክ ሥራ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ እየተሰበሰብን፣ ከእንግሊዝኛው እየመለስን አነበብነው።

ሁለት ወንድማማቾች ተጋድለው ይሞታሉ። የቴብስ ንጉሥ ክሬዖን አንዱን በክብር ያስቀብራል፤ ፖሊኒቄስን ግን «አገሩን ሊወጋ መጥቷል፣ የቀበረው ይሙት» ብሎ ያውጃል። እህታቸው አንቲጎኔ እምቢ ብላ አፈር ታለብሰዋለች፤ ተይዛም ትታሰራለች።

ጠባቂው ሬሳው ላይ ስስ አፈር ተነስንሶ እንዳገኘ የሚናገርበት ቦታ ስንደርስ፣ አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ «ይሄማ አፈር ማልበስ ነው» አለች። እኔ ለግሪኮች ሳይቀበሩ መቅረት ምን ያህል ከባድ እንደነበር፣ ሬሳ ማጠብና ማልቀስም የሴት ዘመድ ግዴታ እንደነበር ላስረዳ የግማሽ ሰዓት ማብራሪያ አዘጋጅቼ ነበር። አላስፈለገም። «አፈር የሚያለብሰኝ ልጅ አታሳጣኝ» ብለው የሚጸልዩ አያቶች ያሳደጓቸው ልጆች ናቸው።

ይኸው ባህላችን ግን ሌላ ቦታ አሳስቶናል። በግሪክ ቴአትር በኅብረት እየዘመሩ ስለ ድርጊቱ የሚናገሩ መዘምራን አሉ፤ እዚህ መዘምራኑ የቴብስ ሽማግሌዎች ናቸው። ሽማግሌ ሲባል ልጆቹ የታያቸው አስታራቂ ነው። «ታዲያ ለምን አይገላግሉም?» እያሉ ሳምንታት ተከራከርን። የቴብስ ሽማግሌዎች ግን ንጉሡን ይፈራሉ። «ልጅቱን ፍታ፣ ሬሳውን ቅበር» የሚሉት ነቢዩ ቲሬስያስ አስጠንቅቆ ከወጣ በኋላ ነው። ክሬዖንም መጀመሪያ ሬሳውን ሊቀብር ይሄዳል። ልጅቱ ጋ ሲደርስ ታንቃ ሞታለች።

ክሬዖንን ደግሞ ሁላችንም ከመጀመሪያው ገጽ ጠላነው። በአቴና ግን ከሃዲ በአገሩ አፈር አይቀበርም ነበር። ዴሞስቴኔስ የተባለው ተናጋሪ ከ100 ዓመት ገደማ በኋላ የክሬዖንን የመጀመሪያ ንግግር፣ መሪ ምን መሆን እንዳለበት ለማሳየት ችሎት ፊት አስነብቧል። ይህን ከሰማ ወዲህ ክሬዖንን የሚጫወተው ልጅ መጮኹን ተወ። ረጋ ብሎ፣ እንደሚያምንበት ሰው መናገር ጀመረ፤ ያኔ ነው ቴአትሩ የከበደን።

ሰኔ ላይ አቀረብነው። ሶፎክለስ 15 መዘምራን ያሰልፍ ነበር፣ እኛ 9 ነበርን። ቀብሩን ጠባቂው በወሬ ብቻ ነው የሚነግረን፤ እኛ ግን መድረክ ላይ አመጣነው። አንቲጎኔ ከግቢያችን በፌስታል የመጣውን አፈር በእፍኟ እየዘገነች፣ ቀስ እያለች በተነችው። ፊት ለፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።