የሁለት ጥማድ ማሳ ታሪክ ደብተሩ ላይ የለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ መሬት ክርክር በጻፋችሁ ቁጥር "ደብተር ያለው ባለመብት ነው" የሚል ነገር አይጠፋም። ልክ ነው። ግን የኛ የአማራ ክልል ደብተር፣ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫው ማለቴ ነው፣ የሚጀምረው ከ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፣ ማሳው ደግሞ ከዚያ በፊትም ይታረስ ነበር።

ምሥራቅ ጎጃም ያለችውን የቤተሰባችንን ሁለት ጥማድ ልንገራችሁ (የቤተሰባችን ማለቴ ራሱ ያጣላል)። ግማሽ ሄክታር ብትሆን ነው። በንጉሡ ጊዜ በአያቴ በኩል የመጣች ርስት ነበረች። ርስት ሲባል ታዲያ ያንድ ሰው ብቻ አልነበረም፤ በእናትም ሆነ በአባት ዘር የሚቆጥር ሁሉ ስንት ዓመት ሌላ አገር ከርሞ መጥቶ "ድርሻዬን" ማለት ይችል ነበር፣ በዚህም ዕድሜያቸውን በሙግት የጨረሱ ዘመዶች አሉን። የካቲት 25 ቀን 1967 የደርግ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ርስት አገር ያለ ገበሬ የሚያርሰውን ይዞ ይቀጥል፣ የሌላውን አይጠይቅ ተባለ። የሚያርሳት አጎቴ ነበር፣ ለሱ ቀረች። ከተማ የገቡት ዘመዶች አኮረፉ።

በ1989 ሽግሽግ መጣ፣ መሬት እንደገና ሊከፋፈል። አጎቴ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ስለነበር "ቢሮክራሲ" ተባለ፤ ቢሮክራሲ ከተባልክ ከአራት ጥማድ በላይ አይተውልህም ነበር። ይቺ ማሳ ተቆርጣ፣ ከባሏ ተፋታ ልጆቿን ይዛ ለቀረች የሰፈራችን ሴት ተሰጠች። በኋላ አረንጓዴው ደብተርም በሷ ስም ወጣ፣ ፎቶዋ ተለጥፎበት።

ከኛ ወገን ዛሬም "መሬታችን" የሚል አለ። እኔ አልስማማም። የሷ ናት፤ በእኩል፣ ምርቱን ከአራሹ ጋር እየተካፈለች፣ እያሳረሰች ልጆች አሳድጋባታለች።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ደብተሩ ላይ በአራቱም አቅጣጫ የሚያዋስኗት ሰዎች ስም አለ፣ ሁለቱ ሞተዋል። ከማን ተቆርጣ ለምን ለሷ እንደተሰጠች ግን አንድ መስመር የለም። እሱ ያለው የሽግሽጉ መዝገብ ላይ ነው። መዝገቡን ልይ ብዬ ቀበሌ ብሄድ፣ ከማዳበሪያ ጆንያ ሥር አይጥ የበላው ጥራዝ አወጡልኝ፣ ያውም እየሳቁ።

ነገ ልጆቿ ውርስ ሲከፋፈሉ የኛዎቹ ክስ ይዘው መምጣታቸው አይቀርም። ያኔ ዳኛ ፊት የሚቆመው ምስክር የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ነው፣ እሱም ያንዱ ወገን ዘመድ ነው። በካርታ የሚሠራው ሁለተኛው ምዝገባ ወሰኑን አጥርቶ ይለካል፣ ጥሩ ነው። እንግዲህ ባለሙያዎቹ እግረ መንገዳቸውን የተረፈውን መዝገብ ገጽ በገጽ ፎቶ ቢያነሱት ምን ይከብዳቸዋል? በስልክም ይበቃል።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ