ጉዳዩ፦ አንድም ቀን ሳይለካ ስላለቀው የጉልበቴ ፊዚዮቴራፒ

ለፊዚዮቴራፒ ክፍል ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። ኳስ ስጫወት ጉልበቴ ተጠምዝዞ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጠሰ። በቀዶ ሕክምና አዲስ ጅማት ከተተካልኝ በኋላ ለማገገሚያ ወደ እናንተ ተላክሁ። የ12 ጊዜ ሕክምና አስቀድሜ ከፈልኩ። 12ቱንም መጣሁ፣ በክራንች ደረጃ እየወጣሁ ጭምር።

ከቀዶ ሕክምናው አሁን 8ኛ ሳምንቴ ነው፤ ጉልበቴ ግን አልዘረጋ ብሏል። በጀርባዬ ስተኛ በቋንጃዬ ስር እጅ ያልፋል። ስራመድ አነክሳለሁ። ይህንን የነገራችሁኝ እናንተ ብትሆኑ ምንኛ ደስ ባለኝ! የነገረኝ ቀዶ ሕክምናውን የሠራልኝ ሐኪም ነው፤ ለክቶ 10 ዲግሪ ይጎድለዋል አለኝ። «እዚያ ሲለኩህ ስንት ነበር?» ሲለኝ የምመልሰው ጠፋኝ። ማንም ለክቶኝ አያውቅማ።

እናንተ ጋ የሚደረገው ይህ ነበር፦ አልጋ ላይ እተኛለሁ፣ ማሞቂያ ይደረግልኛል፣ የኤሌክትሪክ ማሽኑ ይለጠፍብኛል፣ ባለሙያው ወደ ሌላ ታካሚ ይሄዳል፣ ማሽኑ ሲጮህ ተመልሶ ይነቅለውና በቃ፣ ለዛሬ ጨርሰናል። በየጊዜው ሌላ ሰው ነው። ፋይሌን ገልጦ ሳያይ «የትኛው እግርህ ነው?» የሚለኝም ነበር። ማሽኑ አይጠቅምም አላልኩም። ግን ብቻውን ጉልበት አይዘረጋም፣ የሟሸሸውን የጭን ጡንቻም አይመልስም። አንዲት ልጅ ብቻ አንድ ቀን የጭኔን ጡንቻ አጥብቄ እንድወጥር አሳየችኝ፤ እግዜር ይስጣት፣ ከዚያ በኋላ ግን አላገኘኋትም።

ሐኪሙ ያስረዳኝ ነገር ነው ያስቆጨኝ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሁሉ የሚቀድመው ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት ነው፤ ካልተዘረጋ ውስጡ ጠባሳ እየሠራ ይደርቃል፣ አንዳንዴም ሌላ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ተረከዜን የተጠቀለለ ፎጣ ላይ አድርጌ ጉልበቴን ወደ ታች መልቀቅ፣ የጉልበቴን ሎሚ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ፤ ይህን ሁሉ በ5 ደቂቃ አሳየኝ። እኔ እኮ ቤቴ ሆኜ በቀን ሦስት አራቴ ልሠራው እችል ነበር።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ በ7ኛው ሳምንት አንዱ ባለሙያ «ህመሙ ከቀነሰ ሶምሶማ ጀምር» ያለኝ ነው። የተተከለው ጅማት በመጀመሪያዎቹ ወራት አዲስ ደም ሥር እስኪያበቅል ይዳከማል። ህመም ስለቀነሰ ጠንክሯል ማለት አይደለም። ሰምቼው ሮጬ ቢሆንስ?

የምጠይቀው ይህን ነው። የተደረገልኝን ሁሉ የያዘ የፋይሌ ቅጂ ይሰጠኝ። ማሽን ብቻ ተለጥፎልኝ ለተመለስኩባቸው ቀናት የከፈልኩት ይመለስልኝ። እናንተ ጋ እንድቀጥል ከፈለጋችሁ ደግሞ አንድ ባለሙያ ይመደብልኝ፣ በየቀጠሮው ይለካኝ፣ ልኩንም ይጻፍ።

መልሳችሁን በ7 ቀን ውስጥ እጠብቃለሁ። ሐኪሙ በ12ኛው ሳምንት እንደገና ሊለካኝ ቀጥሮኛል፤ እስከዚያ የሚባክን ቀን የለኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
ታካሚያችሁ