ፀሐይ የምንሞቅበት ግድግዳ

ሐዋሳ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከነቤተሰቤ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ስድስት ዓመት አለፈን። የእናትህን ለቅሶ እንኳ በስልክ ብቻ ነው የደረስኩት፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል፣ ይቅርታውንም ፊት ለፊት ስንገናኝ እጠይቅሃለሁ። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ትናንት ማታ እኅትህ ደውላ የልጅህ ሠርግ ለጥር 17 መቆረጡን አበሠረችኝ፤ ቀጥላም ሳሎኑ እንዲሰፋ ብለህ በሳሎኑና በወጥ ቤቱ መካከል ያለውን ግድግዳ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ልታስፈርሰው እንደ ሆነ ነገረችኝ። ሠራተኛው በጣቱ አንኳኩቶ «ውስጡ ባዶ ነው፣ ክፍል ከመክፈል ሌላ ሥራ የለውም» እንዳለህም ሰማሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በወንድምነታችን እለምንሃለሁ፤ እኔ እስክመጣ ድረስ ያ ግድግዳ አይነካ።

ያን ግድግዳ አንተም እኔም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ የምናውቀው ግን ከውጪ በኩል ነው። በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ጠዋት ጠዋት ጀርባችንን ሰጥተነው ፀሐይ እንሞቅ ነበር። ማድ ቤቱ ያኔ ከግቢው ጥግ ለብቻው ስለ ነበረ እናትህ የቆሎውን ሰፌድ ይዘው ሲያልፉ እዚያው ተደግፈን እንዳለን ይዘግኑልን ነበር። አባትህ ቤቱን በ1958 ዓ.ም. ሲሠሩት የቤቱ የጀርባ ግድግዳ እርሱ ነበር፤ አሁን ወጥ ቤት የምትሉት ክፍል የተቀጠለው እኛ ስምንተኛ ክፍል ሳለን ነው። ቤት በተቀጠለ ቁጥር የውጪው ግድግዳ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የተሸከመው ሸክም ግን ስለዚህ አይቀንስም፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይጨመርበታል። ማስታወስ ካቃተህ ማታ መብራቱን አጥፍተህ ቡፌውን ፈቀቅ አድርግና የእጅ ባትሪውን ከግድግዳው ጎን አስጠግተህ አብራው። የቀድሞው መስኮት በብሎኬት የተደፈነበት አራት ማዕዘን ከቀለሙ ሥር ጥላ ጥሎ ይታይሃል።

ሠራተኛውን አልወቅሰውም። እኅትህ እንደምትለው ልምዱ በኮንዶሚኒየም ነው፤ እዚያ ደግሞ ሶሌታውን፣ ማለትም ከላይ የተሞላውን ጠፍጣፋ ኮንክሪት፣ እና ከላይ ያሉትን ፎቆች የሚሸከሙት ኮለንና ቢም፣ ማለትም ቋሚውና አግዳሚው የኮንክሪት ምሰሶ፣ ስለ ሆኑ በመካከላቸው የተደረደረው ብሎኬት በአብዛኛው ከራሱ ክብደት ሌላ የተጫነበት የለም። እዚያም ቢሆን የደረጃውን ዙሪያ የከበበ የኮንክሪት ግድግዳ ካለ ፈጽሞ የሚነካ አይደለም። ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ በአዋሽና በፈንታሌ በኩል የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ የአዲስ አበባን ፎቆች ሲወዘውዝ ሰው ሁሉ በየደረጃው ሲወርድ አይተሃል፤ እንዲህ ያለውን የጎን ግፊት የሚመክተው እንዲህ ያለው ግድግዳ ነው። የአባትህ ቤት ግን ኮለን የለውም። ከድንጋይ መሠረት ላይ የተነሣው ብሎኬት ራሱ ነው ጣሪያውን ያቆመው። ብሎኬት ደግሞ ሲመረት ጀምሮ ሆዱ ክፍት ነው፤ አሥር ኩንታል ተሸክሞም ሆነ ምንም ሳይሸከም ሲያንኳኩት የሚሰጠው ድምፅ ያው ነው። ማንኳኳት የሚረዳው የኮምፔንሳቶ ወይም የችፑድ ግድግዳን ለመለየት ብቻ ነው። ውፍረትም ቢሆን ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ባለ 20 ሳንቲው ብዙውን ጊዜ የውጪና የተሸካሚ፣ ባለ 10 ሳንቲው የክፍል ማካፈያ ነው፤ ባለ 15ቱ ግን ሁለቱንም ሲሠራ አይቻለሁ።

አሁን በዚያ ግድግዳ ራስ ላይ የተቀመጠውን አብረን እንቁጠር። ከሳሎኑ በኩል የባሕር ዛፉ የጣሪያ እንጨት ከነሞራሌው፣ ከነቆርቆሮውና ከነኮርኒሱ ያርፍበታል። ከወጥ ቤቱ በኩል ደግሞ ሶሌታው አለ። ሶሌታው በተሞላ ዕለት ጠጠር ስናቀብል የዋልነው አንተና እኔ ነን፤ ፌሮውን ከአዲሱ ግድግዳ ወደ አሮጌው ግድግዳ ራስ ሲዘረጉት በዓይኔ አይቻለሁ። ወጥ ቤቱ 3 ሜትር በ4 ሜትር፣ የሶሌታው ውፍረት 12 ሳንቲ ነው ብንል፣ አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ከነፌሮው ወደ 25 ኩንታል ስለሚመዝን ጠቅላላው 36 ኩንታል ይመጣል፤ ግማሹ ያህል፣ ማለትም 18 ኩንታሉ፣ በዚህ ግድግዳ ላይ ነው። በኋላ ደግሞ አንድ ሺህ ሊትር የሚይዘውን ሮቶ ከላይ አስቀመጣችሁ። አንድ ሺህ ሊትር ውኃ አሥር ኩንታል ነው፤ ሮቶው የተቀመጠውም ለአሮጌው ግድግዳ ቀርቦ ነው። ግድግዳው በቅዳሜው ቀን ከሥር ቢወጣ ይህ ሁሉ የሚያርፍበት ምንም ነገር የለም።

እንዲህ አጥብቄ የምጽፍልህ ስለ ደረሰብኝ ነው። የዛሬ 25 ዓመት ገደማ፣ የግንባታ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት፣ የአክስቴን ሁለት ክፍሎች አንድ ላድርግላት ብዬ የመካከሉን ግድግዳ አስፈረስኩ። ውፍረቱ 15 ሳንቲ ነበር፤ ከኮርኒሱ በላይ አይዘልቅም ብዬ ስለ ገመትኩ ወጥቼ አላየሁም። ሁለት ሜትር ያህል ከፈረሰ በኋላ፣ ወደ ማታ ላይ፣ የኮርኒሱ ምስማሮች አንድ በአንድ ሲንጫጩ ይሰማኝ ጀመር። በማግሥቱ ጠዋት የመኝታ ቤቱ በር አልዘጋ አለ፤ ከመስኮቱ ማዕዘንም እርሳስ የሚያስገባ ስንጥቅ ወደ ላይ ሄደ። መሰላል አስጠግቼ ስወጣ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። የጣሪያው የታችኛው አግዳሚ አንድ ወጥ እንጨት አልነበረም፤ ሁለት ባሕር ዛፎች ተነባብረው በምስማር የተያያዙበት ቦታ ልክ ባፈረስኩት ግድግዳ ላይ ነበር፣ መጋጠሚያውም አራት ጣት ወርዷል። ያን ሌሊት ከጎረቤት በተዋስነው አጠና ጣሪያውን ደግፈን አደርን። አክስቴ አንድም ቃል አልተናገረችኝም፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ኮርኒስ ውስጥ ሳልገባ ስለ ማንም ሰው ግድግዳ አስተያየት ሰጥቼ አላውቅም።

ስለዚህ ስመጣ መጀመሪያ የምናደርገው ከላይ ወደ ታች መከተል ነው። በኮርኒሱ መግቢያ ወጥተን እንጨቶቹ በየትኛው ግድግዳ ላይ እንዳረፉ፣ መጋጠሚያቸውም የት እንደ ሆነ እናያለን፤ ከዚያ ከግድግዳው ሥር አንድ ንጣፍ አንሥተን ጥቂት እንቆፍራለን። የሚሸከም ግድግዳ የራሱ የድንጋይ መሠረት ይኖረዋል፤ ለማካፈያ የተሠራው ግን ብዙውን ጊዜ በወለሉ ኮንክሪት ላይ እንዲሁ ተደርድሮ ታገኘዋለህ።

ይህን ስል ሠርጉ በጠባብ ሳሎን ይሁን ማለቴ አይደለም። በሳሎኑና በትንሿ ክፍል መካከል ያለውን ግድግዳ አስበኸዋል? አባትህ ክፍሉን ሊያከራዩት ብለው በባለ 10 ሳንቲ ብሎኬት ያሠሩት እኛ አሥራ ሁለተኛን በጨረስን ክረምት ነው። ወለሉ ሳይሰበር፣ በሲሚንቶው ላይ ነው የተደረደረው፤ ውኃ ያመላለስኩት እኔ ስለ ሆንኩ አልጠራጠርም። እርሱ ቢነሣ ሳሎኑ 3 ሜትር ያህል ይረዝማል። ሆኖም ይህንም ቢሆን ሳናይ አንነካውም፤ የድሮ ጣሪያ በዓመታት ብዛት ሲጎብጥ፣ ያላረፈበት ግድግዳ ላይ ቀስ ብሎ የሚያርፍበት ጊዜ አለ። በግድግዳው ራስና በእንጨቱ መካከል ክፍተት ካገኘን ቆጣሪውን አጥፍተን፣ የመብራቱን መስመር አስነሥተን፣ ከላይ ወደ ታች አንድ አንድ ረድፍ ብሎኬት እናወርዳለን። በትልቅ መዶሻ ከመካከል መምታት የለም።

የወጥ ቤቱ ግድግዳ ከሠርጉ በኋላ ይቆየን። ሙሉ በሙሉ ባይነሣም ሰፊ በር ሊከፈትበት ይችላል፤ ከዳርና ከዳር የሚቀረው ግድግዳ ሸክሙን እንዲቀበል ይደረግና ከላይ የኮንክሪት ቢም ይሞላል። ለዚህ ግን ስሌት ያስፈልጋል፣ ከወረዳው የግንባታ ፈቃድም መጠየቅ አለበት። ሮቶው ባዶ ሆኖ፣ ሶሌታውም ጣሪያውም በሁለቱም በኩል በድጋፍ ከተያዙ በኋላ ነው ብሎኬት የሚወጣው። የኮንክሪት ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነውና ድጋፉን እስከዚያ ሳልነካ ባቆየው እመርጣለሁ፤ ከቅዳሜ እስከ ሠርጉ ያለው ደግሞ 36 ቀን ብቻ ስለ ሆነ ለቅድመ ዝግጅቱ፣ ለልስኑና ለቀለሙ ጊዜ አይተርፍም። ሥራውን ራሴ ቆሜ አሠራልሃለሁ፤ ዋጋም እንዳታነሣብኝ።

ሐሙስ ታኅሣሥ 9 በጠዋቱ አውቶቡስ ተነሥቼ ከሰዓት በኋላ እደርሳለሁ። እስከዚያ ሮቶውን ከግማሽ በላይ አትሙላው፤ ከኮርኒሱ መግቢያ ሥር ያለውንም ቁም ሣጥን አስነሣልኝ። እኅትህ ከወጥ ቤቱ በር ማዕዘን ወደ ላይ ሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ እንዳለ ነግራኛለች። ጥቂት ጀሶ ለውሰህ ስንጥቁን አቋርጦ እንዲያልፍ በሁለት ቦታ ለጥፍና፣ ሲደርቅ ቀኑን በእርሳስ ጻፍበት። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው ዛሬም እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነውና ሐሙስን ሳትጠብቅ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ደውልልኝ።

ወንድምህ