ግልጽ ደብዳቤ፦ የድኅረ ዶክትሬት ቅጥር በ1 ዓመት ውል አይሁን

ለምርምር በጀት ለሚመድበው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

በሕዋስ ባዮሎጂና በባዮሜዲካል ሳይንስ የሚወጡ የድኅረ ዶክትሬት ማስታወቂያዎች ብዙ ጊዜ «1 ዓመት፣ እንደ አፈጻጸሙ የሚታደስ» ይላሉ። አሠራሩ ለበጀት ቁጥጥር ይመች ይሆናል፤ ለሥራው ግን አይመችም።

አንዲት ተመራማሪ አንድ ዘረ መል የጠፋባቸው አይጦች ያስፈልጓታል እንበል። ዘረ መልን ቆርጦ በሚለውጠው ክሪስፐር በተባለ ዘዴ የተለወጠው ፅንስ እስኪወለድ 3 ሳምንት ገደማ፣ ግልገሉ ለመራባት እስኪደርስ ደግሞ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። የመጀመሪያዎቹ ግልገሎች ሰውነት ውስጥ የተለወጠና ያልተለወጠ ሕዋስ ስለሚቀላቀል ለሙከራ አይሆኑም፤ ካልተነካ አይጥ ጋር መዳቀል አለባቸው። እያንዳንዱ ዘረ መል ከእናትና ከአባት የሚወረስ ሁለት ቅጂ አለው፤ ለውጡን የወረሱ ልጆቻቸው በአንዱ ቅጂ ብቻ ይይዙታል። ሁለቱም ቅጂዎች የተለወጡበት ግልገል የሚገኘው እነዚህ እርስ በርስ ሲዳቀሉ ነው፤ ያውም ከ4 አንዱ ነው። እንዲህ ያሉ 20 አይጦች ለማግኘት 80 ያህል ማስወለድና ዘረ መላቸውን አንድ በአንድ መመርመር ግድ ነው። የእንስሳት ሥነ ምግባር ፈቃድ የሚፈጀው ጊዜ ሲታከልበት ዓመቱ አልቆ ሙከራው ገና መጀመሩ ነው። «ውጤትሽ የታል?» ተብላ የምትጠየቀውም ያኔ ነው።

ጥድፊያው በላቦራቶሪ የሚያድጉ ሕዋሶችንም ይጎዳል። መጀመሪያ የሚዘለለው ምርመራ ነው። ማይኮፕላዝማ የተባለው እጅግ ጥቃቅን ባክቴሪያ ሕዋሶቹን ሲወር ፈሳሹ አይደፈርስም፤ በተራ ማይክሮስኮፕም አይታይም። የሕዋስ ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይገድለውም፣ በ0.22 ማይክሮን ማጣሪያም ሊያልፍ ይችላል። ሕዋሶቹ ግን ዕድገታቸውም የዘረ መል ሥራቸውም ይዛባል፤ የወራት መረጃ ከንቱ ይቀራል። መፍትሔው አዲስ የመጣን ሕዋስ በተለየ ኢንኩቤተር (የሕዋስ ማሳደጊያ ሣጥን) አቆይቶ ዲኤንኤን አባዝቶ በሚለየው ፒሲአር መመርመር፣ ከዚያም በየወሩ መድገም ነው። ማንነቱም በዲኤንኤ ይረጋገጥ፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ከአንዲት ሴት የካንሰር ዕጢ የተገኙት ሄላ ሕዋሶች ፈጣን አዳጊ በመሆናቸው በሌላ ስም የሚጠሩ ብዙ የሕዋስ መስመሮችን (ከአንድ ምንጭ ተገኝተው በላቦራቶሪ የሚባዙ ሕዋሶችን) ተክተው ተገኝተዋል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ውሉ ከመነሻው 3 ዓመት እንዲሆን ነው። ዓለም አቀፍ የምርምር ድጋፍ ሰጪ የሆነው የሂውማን ፍሮንቲየር ሳይንስ ፕሮግራም ለድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪዎች የሚሰጠው ድጋፍም 3 ዓመት ነው። የመጀመሪያው ግምገማ በ12ኛው ወር ይደረግ፤ የሚታየውም የታተመ ጽሑፍ ሳይሆን አይጦቹ መገኘታቸው፣ የሕዋሶቹ ምርመራ መዝገብና የሙከራው ንድፍ ይሁን። ለምርመራ የሚውለው ገንዘብ በበጀቱ ራሱን የቻለ መደብ ይኑረው፤ ከኬሚካል መግዣ ጋር ሲቀላቀል ሁልጊዜ ተበልቶ ያልቃል።

የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ደግሞ ለርክክብ ይያዙ። ሰው ሲለቅ ማቀዝቀዣው ውስጥ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ሁለት ፊደል ብቻ የተጻፈበት ብልቃጥ ነው፤ ተተኪው ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ሥራውን ከዜሮ ይጀምራል። እያንዳንዱ ብልቃጥ የሕዋሱ ስም፣ ስንት ጊዜ እንደተባዛ፣ የቀዘቀዘበት ቀንና የማይኮፕላዝማ ውጤት ይጻፍበት። ለዓመታት የሚቆየው በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሳይሆን በፈሳሽ ናይትሮጂን ይቀመጥ።

እነዚህ ነጥቦች በሚቀጥለው የቅጥር ማስታወቂያ ላይ በውል ግዴታነት እንዲሰፍሩ በአክብሮት እንጠይቃለን።

በሕዋስ ባዮሎጂ የተሰማራን ተመራማሪዎች