ሥዕል ስንዋዋስ ንብረት ያዡን አንርሳ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የክልል ሙዚየሞች አዲስ አበባ ካሉት ትልልቅ ሙዚየሞች ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረሙ በዜና እንሰማለን። ደስ ይለናል። ነገር ግን ፊርማው ደርቆ ዓመት ሲሞላ አንድ ሥዕል እንኳ ከግምጃ ቤት ሳይወጣ ይቀራል። ሰበቡ ብዙውን ጊዜ በጀት ነው ይባላል። በቅርስ አያያዝ ሥራ ላይ ላለን ሰዎች ግን በሩን ዘግቶ የያዘው የንብረት ያዡ ፍርሃት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ መፍራቱም ያስኬደዋል።

ሥዕል ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲሄድ በሞዴል 22 ወጪ፣ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል። እነዚህ ቅጾች የተዘጋጁት ለወንበርና ለወረቀት ነው። «የዘይት ቀለም ሥዕል፣ ባለ ፍሬም፣ ብዛት 1» ተብሎ ይሞላል፤ ከታች በግራ ማዕዘን ቀለሙ መነሳቱን ወይም ሸራው መርገቡን የሚያሰፍሩበት ቦታ የለም። ሥዕሉ ከ3 ወር በኋላ ተሰንጥቆ ቢመለስ፣ ስንጥቁ ድሮም የነበረ ይሁን መንገድ ላይ የመጣ የሚያውቅ አይኖርም። የሚጠየቀው የፈረመው ሰው ነው። እንዲህ ከሆነ ማን ቁልፉን ያወጣል?

ስለዚህ ከሞዴሉ ጋር የይዞታ መግለጫ፣ ማለትም ሥዕሉ በዚያ ሰዓት ያለበትን ሁኔታ የሚያሳይ ሰነድ፣ አብሮ ይሂድ። ለአንድ ሥዕል 4 ፎቶ ይበቃል፦ ከፊት፣ ከጀርባ፣ ጉዳት ያለበት ቦታ ማስመሪያ አጠገቡ ተቀምጦ በቅርበት፣ አራተኛው ደግሞ በጎን ብርሃን። ክፍሉን አጨልሞ የእጅ ባትሪን ከሥዕሉ ገጽ ጋር ሊገናኝ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ አድርጎ ከጎን ማብራት ነው። ፊት ለፊት ሲያዩት ደህና የመሰለ ቀለም ከሸራው ተላቆ ከሆነ ያን ጊዜ ጥላ ይጥላል። ይህ ምርመራ 4 ጊዜ ይደረግ፦ ሲወጣ፣ ሲደርስ፣ ለመመለስ ሲታሸግ፣ ተመልሶ ሲገባ። በየጊዜው ከሁለቱም ወገን ይፈረም። የውሰት ውሉም ጉዳት ቢደርስ ኃላፊነቱን የሚሸከመው የትኛው ተቋም እንደሆነ በግልጽ ይናገር፤ ከግለሰብ ደመወዝ እንዳይቆረጥ።

ቀጥሎ ያለው ሳጥኑ ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ የተወለደው ሐረር ነው፤ በስሙ የተሰየመው የሥዕል ማዕከል ያለው ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከሥራዎቹ አንዱ ለሐረር ይዋስ ቢባል፣ መኪናው ከደጋው ተነሥቶ የአዋሽን ቆላ አቋርጦ እንደገና ደጋ ይወጣል። 25 ዲግሪ ላይ 50 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ጠብታ ውሃ ሳይጨመርበት ወደ 15 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ እርጥበቱ 93 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ሸራ፣ ብራናና እንጨት ይህን ለውጥ እየተከተሉ ይለጠጣሉ፣ ይኮማተራሉ፤ በላያቸው ያለው ቀለም ግን እኩል አይከተላቸውም፤ ይሰነጠቃል። ሳጥኑ አየር የማያስገባ ይሁን፤ ውስጡ በየአቅጣጫው ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ይኑረው። ሥዕሉ መጀመሪያ አሲድ በሌለው ስስ ወረቀት ይጠቅለል፣ ፕላስቲኩ ከዚያ በላይ ይሁን። ባለ አረፋ ፕላስቲክ በቀጥታ ቀለም ላይ ከዋለ የአረፋውን ክብ ቅርጽ አትሞበት ይቀራል። ክዳኑ በብሎን ይታሰር፤ የመዶሻ ምት ብቻውን የላላ ቀለም ያራግፋል። ሥዕሉ ቆሞ እንጂ ተኝቶ አይሂድ። ሐረር ሲደርስ ውስጡ ከአዳራሹ አየር ጋር ቀስ ብሎ እንዲስማማ ሳጥኑ ተዘግቶ 24 ሰዓት ይቆይ። እዚህ ላይ እንግዶችና ካሜራ ደርሰዋል ተብሎ ቶሎ መክፈት የተለመደ ስሕተት ነው።

ስለ ብርሃንም እንናገር። አንድ ገጽ ላይ የሚያርፈው ብርሃን የሚለካው በሉክስ ነው፤ ለብራና፣ ለወረቀትና ለጨርቅ የሚመከረው 50 ሉክስ፣ ለዘይት ቀለም 200 ሉክስ ነው። አንድ የብራና ገጽ በ50 ሉክስ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን፣ ለ13 ሳምንት ቢታይ 31,200 የሉክስ ሰዓት ይቀበላል። 1,000 ሉክስ የሚገባበት መስኮት አጠገብ ከተቀመጠ ግን ያንኑ ያህል በ4 ቀን ውስጥ ይጠግባል። የደበዘዘ ቀለም ደግሞ አይመለስም። ወፍራም መጋረጃ ሰቅሎ የሥዕሉን ቦታ መቀየር ብዙ ወጪ የለውም።

ትልልቆቹ ሙዚየሞች ሰጪ፣ ትንንሾቹ ተቀባይ ብቻ ተደርገው መታየታቸውም ያሳዝነናል። የኮንሶን ዋካ፣ ለሞተ ጀግና መታሰቢያ የሚቆመውን ከእንጨት የተቀረጸ ሐውልት፣ ተመልከቱ። ጀግናው መሐል ይቆማል፣ ሚስቶቹ ከጎኑ፣ የገደላቸው ጠላቶችና አውሬዎች አብረው። ከቡድኑ ተነጥሎ በመስታወት ውስጥ ብቻውን የቆመ አንድ ዋካ ማን እንደሆነ፣ ከማን ጎን ይቆም እንደነበር ሊነግረን የሚችለው የአካባቢው ሰው ነው። ስለዚህ ጉዞው የሁለቱም ይሁን፤ የአዲስ አበባው ባለሙያ ሳጥኑን ተከትሎ ወርዶ አስተሻሸጉን ያሳይ፣ የክልሉ ባለሙያ መጥቶ መግለጫ ጽሑፎቹን ያርም።

ለሚቀጥለው ስምምነት የምንጠይቀው ትንሽ ነው። ከፊርማው ቀን ጀምሮ የሙቀትና የእርጥበት መመዝገቢያ መሣሪያ በተዋሹ ሙዚየም አዳራሽ ይቀመጥ፤ ክረምቱንም በጋውንም አይቶ ዓመት ይሙላ። የይዞታ መግለጫው ቅጽ የሰነዱ አባሪ ይሁን። ሰነዱ ሲዘጋጅ ደግሞ ንብረት ያዡ ከጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጥ።

ከአክብሮት ጋር፣
በቅርስ አያያዝ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
አዲስ አበባ